ፌስታሉን ይዛችሁ ሂዱ፦ ከእርግዝና በፊት ስለሚሰጥ ምክር፣ ከጅማ

ፍርዱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷ የቀረችበት ምክንያት ወደ ታች አለ።

የማወራው ጅማ ውስጥ ስላለ አንድ የግል የእናቶች ክሊኒክ ነው። ስሙን አልጠራም። ሳመሰግን ማስታወቂያ ይመስላል፣ ስወቅስ ደግሞ ጠብ ፍለጋ። ከጅማ መርካቶ በባጃጅ ቅርብ ነው፣ ይሄ ይበቃል። ለነገሩ የምነግራችሁን አገልግሎት የትም ጤና ተቋም ብትሄዱ ጠይቃችሁ ልታገኙት የሚገባ ነው።

የሄድነው ለታናሽ እህቴ ነው። ካገባች ብዙም አልቆየች፣ ልጅ ትፈልጋለች፣ ግን ገና አላረገዘችም። የሚጥል በሽታ አለባት፣ በመድኃኒት ደህና ናት። ይሄን የምጽፈው ፈቅዳልኝ ነው። እንዲያውም "ጻፊው፣ እንደኔ ያለ ስንት ሰው አለ" ያለችው እሷ ናት።

ሰው ሲሰማ ሳቀብን። "ሳታረግዝ ምን ልትታከም ነው?" አሉ። አክስታችን ደግሞ ጭራሽ ሟርት አደረጉት። ግን ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ቆይ ልድረስበት።

ለቀጠሮ ስንደውል ስልኩን ያነሳችው ልጅ አንድ ነገር አዘዘችን። "ቤት ውስጥ የምትውጪውን፣ የምትቀቢውን፣ የምትጠጪውን ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ነይ። ባለቤትሽም ይምጣ።" ሌላ ክሊኒክ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ብዙ ጊዜ ደም ግፊት ተለክቶ፣ ሽንት ተሰጥቶ፣ አልትራሳውንድ ታይቶ፣ "በይ በሚቀጥለው ወር" ነው።

ገባን። አዋላጅ ነርሷ ፌስታሉን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ምን ያልወጣ አለ! የእህቴ የዘወትር ኪኒን፣ ግማሹ ያለቀ ዲክሎፌናክ፣ ከዓመት በፊት ለሳል ተሰጥቶ የተረፈ ዶክሲሳይክሊን፣ ከውጭ አገር የተላከ የቫይታሚን ብልቃጥ፣ ፊት የሚያቀላ ክሬም (ማሸጊያው ላይ የሚነበብ ነገር የለም)፣ የዓይን ቅባት፣ ታስሮ የደረቀ ጤና አዳም። ሲስተር መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ እያነሳች ሦስት ቦታ ከፈለቻቸው። በቀኝ የሚቀጥለው፣ በግራ የሚጣለው፣ መሃል ላይ ሐኪም ሳያየው የማይነካው። ሳትቸኩል፣ ሳትቆጣ። ምን አለፋችሁ፣ ገንዘቤ የወጣው ለዚህች ጠረጴዛ ነው ብል አላጋነንኩም።

መሃል ላይ ብቻውን የተቀመጠው የእህቴ ኪኒን ነበር፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤት። የሚጥል በሽታን ጥሩ አድርጎ ይይዛል። ግን እርጉዝ ሴት ስትወስደው ከአሥር ልጆች አንዱ ገደማ ከባድ የአፈጣጠር ችግር ይዞ ሊወለድ ይችላል። የጀርባ አጥንት አለመዘጋት፣ የልብ ችግር፣ የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ። ከአሥሩ ሦስት አራቱ ደግሞ ሲያድጉ በንግግር፣ በትምህርት፣ በአስተሳሰብ ወደኋላ ሊቀሩ ይችላሉ። እህቴ ይሄን ስትሰማ ፊቷ ተቀያየረ፣ ኪኒኑን አንስታ ቦርሳዋ ልትከት ስትል ሲስተር እጇን ያዝ አደረገቻት።

"የኔ እህት፣ ዛሬ ጣይው አላልኩሽም። በራስሽ እንዳታቆሚ። ድንገት ካቆምሽው በሽታው ይነሳብሽና አንቺም ትጎጂያለሽ። ገና አላረገዝሽም አይደል? ጊዜ አለን።"

ከዚያ ለነርቭ ስፔሻሊስት ወረቀት ጻፈችላት። መድኃኒቱ ቀስ በቀስ በሌላ እስኪቀየር እርግዝናው በመከላከያ ይቆይ አለች። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም የሚባሉት አደጋቸው በጣም ያነሰ ነው፣ የትኛው እንደሚስማማት ግን የሐኪሙ ውሳኔ ነው። ብዙ ሰው የሚወስደው ፌኖባርቢታልም ቢሆን ንጹህ አይደለም፣ እሱም ሐኪም ሊያየው ይገባል። አሁን አስቡት፣ ይሄን ወሬ የሰማነው አርግዛ በአራተኛ ወሯ ቢሆን ኖሮ ምን ሊረባን?

አክስቴ ሟርት ያሉት ጉዳይ እዚህ ጋ መጣ። እኛ ጋ እርግዝና ገፋ እስኪል አይወራም፣ ክትትልም የሚጀመረው ሆድ መታየት ሲጀምር ነው። የልጁ አካል ግን እኛን አይጠብቅም። የአንጎልና የህብለ ሰረሰር መነሻ የሆነው የነርቭ ዘንግ ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ልብም በዚያው ሰሞን መምታት ይጀምራል። እጅና እግር፣ ዓይን፣ ጆሮ፣ ከንፈር ዋናው ቅርጻቸው የሚያዘው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ሲስተር በወር አበባ አስልታ ስታስረዳን ነው ቁልጭ ያለልኝ፦ የወር አበባዋ ቀርቶ "እስቲ ይምጣ እንደሆነ" ብላ ሁለት ሳምንት የጠበቀች ሴት፣ የልጇ የነርቭ ዘንግ ወይ ተዘግቷል ወይ ሳይዘጋ ቀርቷል። ዘንጉ እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ የሚባል ቫይታሚን ከዚያ በኋላ ቢወሰድ እሱን አይመልሰውም። አንጎል ግን እስከ መጨረሻው ማደጉን ስለሚቀጥል ጎጂ ነገር በየትኛውም ወር ሊጎዳው ይችላል።

ለዚህ ነው ፎሊክ አሲዱ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ የሚጀመረው። ለአብዛኛዋ ሴት በቀን 400 ማይክሮ ግራም ይበቃል። ከዚህ በፊት የነርቭ ዘንጉ ያልተዘጋ ልጅ የወለደች፣ ወይም እንደ እህቴ ዓይነት መድኃኒት የምትወስድ፣ ሐኪም ከፍ ያለ መጠን ያዝላታል። እ.ኤ.አ. በ1991 ውጤቱ የወጣ በሰባት አገሮች የተካሄደ ጥናት፣ አንድ ጊዜ ችግሩ ባጋጠማቸው እናቶች ላይ 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ ድጋሚ የመከሰቱን ዕድል በ72 በመቶ እንደቀነሰው አሳይቷል። ለአንዲት ተራ ኪኒን ይሄ ጉድ ነው። ጎመንና ምስርም ፎሌት (ምግብ ውስጥ ያለው ፎሊክ አሲድ) አላቸው፣ ግን እኛ እንደምናበስለው አብስለነው ብዙው ይጠፋል፣ ብቻቸውን አይበቁም። ጤና ጣቢያ በነጻ የሚሰጠው የአይረን ኪኒን ውስጥም ፎሊክ አሲድ አለ፣ ጥሩ ነው፣ ችግሩ የሚሰጠው አርግዛችሁ ከተመዘገባችሁ በኋላ መሆኑ ነው። አይረኑን ከቡና ጋር አትውሰዱ፣ ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ጅማ ላይ ይሄን ማለት ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ።

ቡናውን ካነሳን አይቀር። ጅማ ተቀምጦ ቡና ተዉ የሚል ሐኪም ማን ይሰማዋል? ሲስተርም ተዉ አላለችም። ቡና በልክ ከተጠጣ የአካል ጉድለት አያመጣም፣ ሲበዛ ግን ከውርጃና ከልጅ ክብደት ማነስ ጋር ይያያዛል። ብዙ ሐኪሞች ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላሉ። እንግዲህ ጠዋት ከአቦል እስከ በረካ፣ ከሰዓት ጎረቤት ጋ ደግሞ እንደገና ከሆነ ሲኒው ትንሽ ነው ብሎ መጽናናት አይቻልም። ጤና አዳሙ ግን ወደ ግራ ሄደ። በብዛት ሲወሰድ ማህጸን ያኮማትራል፣ "ለጣዕም ነው" ቢባልም በእርግዝና ጊዜ ቢቀር ምንም አይጎድልም። ኮሶ ደግሞ ጭራሽ አይነሳ።

ሌላው የግራው ክምር እነሆ። ዲክሎፌናክ፦ የወገብ ሕመም መጣ ሲባል ሁላችንም የምንሮጥበት ነው፣ ነገር ግን ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የልጁን ኩላሊት ሊጎዳና የሽርት ውሃ ሊያሳንስ ይችላል፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ የልቡን ቧንቧ ያለጊዜው ሊዘጋ ይችላል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ዶክሲሳይክሊን፦ ከአራተኛው ወር ጀምሮ የልጁን ጥርስና አጥንት ውስጥ ገብቶ ጥርሱን ያበላሻል። እህቴ "ታዲያ የዓይን ቅባቱም ቴትራሳይክሊን ነው እኮ" አለች፣ ጎበዝ። እሱ ዓይን ላይ ብቻ ስለሚቀባ ችግር የለውም፣ ልጅ ሲወለድም ለዓይኑ የሚቀባው እሱ ነው። ወደ ቀኝ ሄደ። ቫይታሚኑ ለምን ወደ ግራ እንደተወረወረ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለካ ቫይታሚን ኤ ሲበዛ ራሱ የአፈጣጠር ችግር ያመጣል፣ ያ ብልቃጥ ደግሞ መጠኑ ከፍ ያለ ነው። ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን የዚሁ ዘመድ ነው፣ ያ በእርግዝና ጊዜ ፈጽሞ አይነካም። በዚሁ ሂሳብ ጉበትም ይቀንሳል። ዱለት የምትወዱ ይቅርታ፣ በዚያ ላይ ጥሬው ከሆነ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተሕዋስ አለ፣ የልጁን ዓይንና አንጎል ይመታል። ጥሬ ሥጋ እስክትወልዱ ይቆይ፣ የትም አይሄድም።

ክሬሙ ላይ ሲስተር ቆየት አለች። ወደ ብርሃን አስጠግታ አገላብጣ አየችው፣ ከፍታ አሸተተችው። እንዲህ ያሉ ስማቸውና ይዘታቸው የማይታወቅ ማቅሊያዎች ውስጥ ሜርኩሪ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፣ በእንግዴ ልጅ በኩልም ወደ ፅንሱ ያልፋል። ሚናማታ የምትባል የጃፓን ከተማ አለች፣ ከፋብሪካ የወጣ ሜርኩሪ የገባበትን ዓሣ የበሉ እናቶች ራሳቸው እምብዛም ሳይታመሙ አንጎላቸው ክፉኛ የተጎዳ ልጆች ወልደዋል። የሜርኩሪው ዓይነት ከክሬሙ ይለያል፣ ግን እናቲቱ ደህና ስለሆነች ልጁ ደህና ነው የሚለውን ወሬያችንን አፈር ያስበላዋል።

አልኮል ላይ አጭር ነበረች። አስተማማኝ የሚባል መጠን የለም፣ በቃ። ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም፣ ቢራም። "ጠላ እኮ ምግብ ነው" የሚሉ አሉ፣ አልኮሉ ግን ያው አልኮል ነው፣ የልጁን አንጎል በማንኛውም ወር ይጎዳል። ለበዓል ያልሰከረ ብርዝ ጠጡ። ጫት ከአካል ጉድለት ይልቅ በደንብ የሚታወቀው የልጁን ክብደት በመቀነስ ነው፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የደም ሥር ያጠባል። ሲጋራ ደግሞ ክብደትም ይቀንሳል፣ የከንፈር መሰንጠቅንም ያበዛል።

ባልየው ለምን እንደተጠራ የገባን በኋላ ነው። ቤተሰቡ ጫትና ቡና አለው፣ የተባይ መድኃኒት የሚረጨው እሱ ነው። ሲስተር ልብሱን ማን እንደሚያጥብ ጠየቀችው። እህቴ ናት፣ በእጇ፣ ከሌላው ልብስ ጋር። የፀረ ተባዩ ጀሪካንስ? አጠቧትና ውሃ መቅጃ ሆናለች። ያን ጊዜ ነው የሲስተር ፊት የጠቆረው። ልብሱን ራሱ ለብቻ እንዲያጥብ፣ ረጭቶ ሲመጣ ሳይታጠብ ቤት እንዳይገባ፣ ጀሪካኑም እንዲበሳና እንዲቀበር ነገረችው። ነገሩ ዝም ብሎ ማስፈራራት አይደለም፣ ጅማና እዚሁ አካባቢ ያሉት ሰርቦና አሰንዳቦ ላይ የእናት ጡት ወተት ተመርምሮ ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይ ተገኝቶበታል። አማቼ ሲወጣ ጸጥ ብሎ ነበር፣ ግን ጀሪካኗን በስቷታል፣ አይቻለሁ።

አንድ በጣም የወደድኩት ነገር፣ መድኃኒት ሁሉ ጠላት ነው አላሉንም። ይሄን አለመረዳት ራሱ ሰው ይገድላል። ወባ የያዛት እርጉዝ ካልታከመች እሷም ልጇም ይጎዳሉ፣ የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም አሁን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ይመክራል። ደም ግፊት ያለባት ኪኒኗን አትጥልም፣ ኢናላፕሪል ከሆነ በሜቲልዶፓ ወይም በሌላ ይቀየርላታል። ስኳር ያለባት ስኳሯን ከማርገዟ በፊት ታስተካክላለች፣ አለበለዚያ የልጁ ልብና የነርቭ ዘንግ ላይ ችግር ሊመጣ ይችላል። የደረት ራጅ እንኳ ጨረሩ በጣም ትንሽ ነው፣ "እርጉዝ መሆኔን ሳላውቅ ተነሳሁ" ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ፣ ብቻ ቀድማችሁ ተናገሩ። አልትራሳውንድ ደግሞ ጨረር የለውም፣ ድምፅ ነው።

አሁን ወደ ወቀሳው። መጀመሪያ ወረፋው፦ ቀጠሮ ይዘንም ከጠዋት እስከ ምሳ ተቀምጠናል። ሁለተኛ፣ ምክሩ የሚሰጥበት ክፍል በር አይዘጋም፣ መጋረጃ ብቻ ነው። የእህቴን በሽታ ኮሪደር ላይ የተቀመጠው ሁሉ ሰምቷል። ይሄ ቀልድ አይደለም፣ በዚህ ከተማ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ሦስተኛ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ማስታወቂያዎች በሙሉ እንግሊዝኛ ናቸው። ሲስተር አማርኛና አፋን ኦሮሞ እያቀያየረች እንደ ውሃ ታወራለች፣ ለምን አንድ ወረቀት በሁለቱ አይጻፍም? አራተኛ፣ ስንወጣ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ላላረገዘች ሴት የአልትራሳውንድ ፓኬጅ ልትሸጥልን ሞከረች። የልጁን አካል ለማየት ጥሩው ጊዜ ከ18 እስከ 22 ሳምንት ነው፣ በየወሩ ፎቶ መነሳት ምንም አይጨምርም።

ግን እውነቱን ለመናገር ከክሊኒኩ ይልቅ ያናደደኝ በመንገዳችን ላይ ያለ መድኃኒት ቤት ነው። እህቴ የምትወስደውን ያንኑ ኪኒን እዚያ ስትገዛ ኖራለች። ዕድሜዋን ያያል፣ ቀለበቷን ያያል፣ አንድ ቀን "ልጅ ታስቢያለሽ?" ብሎ አልጠየቃትም። ዲክሎፌናክማ እንደ ማስቲካ ነው የሚሸጠው፣ "ዶክተር፣ ሁለት ፍሬ ስጠኝ" ማለት ይበቃል። ታሊዶማይድ የሚባለው መድኃኒት ታሪክ እኮ እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ ገበያ ወጣ፣ ለእንቅልፍ ተብሎ፣ ለእርጉዝ ማቅለሽለሽም ጥሩ ነው ተባለ። እስከ 1961 መጨረሻ ድረስ ተሸጠ። ከ10,000 በላይ ልጆች እጃቸው ወይም እግራቸው አጥሮ፣ አንዳንዶቹም ጭራሽ ሳይኖራቸው ተወለዱ። አደገኛው ጊዜ ከተፀነሰ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ሳምንት ያለው ነበር፣ በዚያ ሰሞን አንድ ኪኒን ይበቃ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተረፉት ፍራንሲስ ኬልሲ የምትባል የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሙያ ማስረጃ ካልቀረበልኝ ፈቃድ አልሰጥም ብላ ስለገገመች ነው። እኛ ጋ ባንኮኒው ላይ የቆመው ሰው ቢያንስ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ ምን ይከብደዋል?

ለአክስቴም መልስ ይዘንላቸው ሄድን። ችግር ያለበት ልጅ ሲወለድ እኛ ጋ ጣት የሚቀሰረው እናትየዋ ላይ ነው፦ ምን በልታ፣ ምን አይታ፣ ማን ረግሟት። ሲስተር እንዳለችው ቢያንስ ግማሽ ያህሉ ምክንያቱ አይገኝለትም። ቀሪው ውስጥ ዘር አለ፣ ኢንፌክሽን አለ፣ መድኃኒት አለ፣ የምግብ እጥረት አለ። እርግማን የሚባል መዝገብ ላይ የለም። አክስቴ "ይሁን እንግዲህ" አሉ፣ ከእሳቸው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ዋጋውን ለምትጠይቁ፣ ለካርድና ለምክሩ የከፈልነው አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። ለሚጥል በሽታ፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለደም ማቅጠኛ ኪኒን የምትወስዱ ካላችሁና ልጅ ካሰባችሁ ነገ ዛሬ አትበሉ። ከዚህ በፊት ችግር ያለበት ልጅ የወለዳችሁም እንደዚያው። ባላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ፌስታሉን አትርሱ፣ "ይሄማ ቅጠል ነው፣ መድኃኒት አይደለም" ብላችሁ ያስቀራችሁትንም ጨምሩበት። ሲስተርን ካገኛችሁ የሚያሳፍረውንም ጠይቋት፣ አትቆጣም፣ ድምፃችሁን ብቻ ቀንሱ፣ መጋረጃ ነው። ሐሙስ ግን አትሂዱ፣ የገበያ ቀን ስለሆነ ወረፋው አይቀመስም።